ያልተጠራው ቁጥር

ልጄ ያንን ሰው ልታጣው የነበረው በእኔ አፍ ምክንያት ነው። ስለዚህ እኔው ልናገረው።

ሱቃችን ልብስ ስፌት ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ትልቅ መስታወት አለን። ሴቷ ልጄ ትለካለች፣ ትቆርጣለች። እኔ መነጽሬን አድርጌ ጥግ ላይ ቁጭ እልና የጠራችውን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ጠያቂ አላጣችም፤ ልቧ ግን ማንንም አልፈቀደም። እኔም መጨቅጨቁን ትቼ ለፈጣሪ ነግሬ ዝም ብያለሁ።

ሰውየው የመጣው ሱቁ በደንበኛ በተሞላበት ቀን ነው። ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ጫማው አቧራ የለበሰ። የመንገድ ቀያሽ ነኝ አለ። ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ነው የመጣው።

ልጄ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጀመረች።

«ትከሻ፣ አርባ ሰባት። ደረት፣ መቶ አራት። ወገብ፣ ዘጠና። ቀኝ እጅጌ፣ ስልሳ ሁለት።»

ግራው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ጻፈችው። ምን እንደጻፈች አላየሁም፤ እኔ ወሬ ይዤ ነበር።

«ልብሱ ለምንድን ነው፣ ልጄ?» አልኩት።

«ለሠርግ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ፈጣሪ የተባረከ ትዳር ያድርገው።»

«አሜን» አለ ደስ ብሎት።

በቃ፣ ሙሽራው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጄም ሰማች።

ለሙከራ ሲመጣ ታላቁ ልጄም ሱቅ ነበር። መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ግን አንድ አባዜ አለበት። ሰዎች ትንሽ ሣጥን የሆነ ቦታ ይደብቁና ቦታውን በእንቆቅልሽ አድርገው ስልክ ላይ ይጽፉታል። እንቆቅልሹን የፈታ ሄዶ ይፈልጋል፤ ካገኘ ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ይፈርምና መልሶ ይደብቀዋል። ገንዘብ የለው፣ ሽልማት የለው። እህቱ «አሳሹ» ትለዋለች። የዚያን ቀንም ስለ ሣጥኖቹ ሲያወራ ቀያሹ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጠው ነበር።

«አንቺ በሴንቲ ሜትር፣ እኔ በኪሎ ሜትር» አላት ልጄን፣ ኮቱን ስታስተካክልለት። «ሥራችን እኮ አንድ ነው።»

«የኔ ቢሳሳት ሰው ይስቅብኛል። ያንተ ቢሳሳት መኪና ገደል ይገባል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ልጄ ድስት እሳት ላይ ረስታ እንደመጣች ሴት በድንገት ሳቋን ዋጠች፤ መርፌዋን አነሳች። ልብሱን ሊወስድ የመጣ ቀንማ «ደህና ዋል» ያለችው ለኮቱ ነው፤ ሰውየውን ቀና ብላም አላየችው። ሲሄድ የመንገዱን ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ ስታየው ግን አይቻታለሁ።

ከዚያ ቤታችን ጭር አለ። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ግን የለችም።

አንድ ወር ሊሞላ ሲል፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አሳሹ ስልኩን ይዞ ሱቅ ገባ።

«ይሄን የፈታ ጠፋ። አንዱ ደመረው፣ አንዱ አባዛው፣ አንዷ የልደት ቀን ነው አለች። ስሙማ።» አነበበልን። «አርባ ሰባት። መቶ አራት። ዘጠና። ስልሳ ሁለት። ቀጣዩ ቁጥር ጮክ ተብሎ አልተጠራም። በወንዙ ዳር መንገድ፣ የመብራቱ ምሰሶ ቁጥር እሱ ነው።»

የሚያርር ጨርቅ ሸተተኝ።

«ካውያው» አልኳት። አነሳችው። ስትተኩሰው የነበረው የኮት ገበር ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል። ይህቺ ልጅ ካውያ ከያዘች ጀምሮ ጨርቅ አሳርራ አታውቅም።

«ይሄማ የኮት ልክ ነው» አልኩ። «ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቀኝ እጅጌ።»

«ታዲያ ቀጣዩ ግራ እጅጌ ነዋ» አለ አሳሹ። «ያው ስልሳ ሁለት።» ሮጦ ወጣ።

ከሰዓት በፊት ሱሪው ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «ስልሳ ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ያላነሳሁት ድንጋይ የለም። ምንም የለም። እንቆቅልሹ ስህተት ነው» ብሎ እየተነጫነጨ ወደ ሥራው ሄደ። እህቱ ያረረውን ገበር ትተረትራለች።

ደብተሩን አውጥቼ ገለጥኩ። ሁሉም በእኔ እጅ ተጽፏል፤ ግራ እጅጌ ብቻ በእሷ። ስልሳ ይላል፣ በሹክሹክታ የተጻፈ ይመስል ድቅቅ ብሎ።

«ግራ እጁ ያጥራል?»

«ልጅ ሆኖ ተሰብሮ ይሆናል። ሰው ፊት ልጥራበት?»

«ለወንድምሽስ ለምን አልነገርሽውም?»

«የደንበኛ ገላ ነው፣ እማዬ። የኔ ወሬ አይደለም።»

«እንግዲያው እኛ ሄደን እንየዋ።»

«የሰው ሙሽራ የደበቀውን ምን ቤት ነኝ ብዬ ነው የምከፍተው?»

 እውነቱን ልናገር፣ ምን ደበቀ የሚለው ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ሻሼን አሰርኩ። «እሺ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«በዚህ ጉልበትሽ?» ብላ ሱቁን ቆልፋ ተከተለችኝ።

ምሰሶዎቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ አለ። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ ጋ ስንደርስ እርምጃዋ ከኔም ቀዘቀዘ። ከምሰሶው ኋላ ባለው የድንጋይ ካብ ውስጥ አንዱ ድንጋይ ይነቃነቃል። ስቤው እጄን ሰደድኩ። የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል የቆርቆሮ ሣጥን ናት።

«አንቺ ክፈቺው» አለችኝ።

«የተጻፈው ለኔ አይደለም» ብዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

ትንሽ ደብተርና እርሳስ አለበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ልብስ ያሰፋሁበት ሁሉ ግራ እጄን ሰው ፊት ይጠራዋል። አንቺ ዝም አልሽ። ኮቱን ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ለበስኩት፤ ማንም ስለ እጄ አልጠየቀኝም፤ ማን ሰፋልህ ብለው ነው የጠየቁኝ። ልብሱን ልወስድ ስመጣ ብዙ ልነግርሽ ነበር፤ ፊትሽ ዞረብኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም። ሰኞ ሩቅ አገር ለአንድ ዓመት ሥራ እሄዳለሁ። ከወደድሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ፤ በየቀኑ ከሥራ መልስ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ዝም ብለሽ ፈርሚ፤ ይገባኛል።»

«ለታናሽ ወንድሜ» አለች ልጄ። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«ለሠርግ አለኝ እንጂ የማን ሠርግ መች አለኝ?» አልኩ።

«አንቺስ ጠየቅሽው?»

አልጠየቅኩትም።

ካቡ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል። እርሳሱን አነሳች። አንገቴን ሳሰግግ «አትይብኝ» አለችኝ። አየሁ እንጂ። «የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ ላልቷል። ሳትሄድ አምጣው» ይላል።

«መልሱ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

እሑድ የመጣ የለም። ጌታዬ ሆይ፣ አፌን ይቅር በለኝና ያንን ልጅ ወደ ምሰሶው ምራው እያልኩ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ልንከፍት ስንሄድ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው አጠገቡ፣ ኮቱ ጉልበቱ ላይ ታጥፎ።

«ሁሉንም ቁልፍ ሳብኩት» አላት። «የላላ የለም።»

«እኔ የሰፋሁት አይላላም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽ?»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

 በሩን የምከፍትበት ቁልፍ እጄ ላይ ነበር፤ የጠፋኝ መስዬ ቦርሳዬን ስበረብር ቆየሁ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ እሷ ትናገር፤ ስልኳ ከጆሮዋ አልወረደም። እሱ ሲመለስ ሌላ ሙሉ ልብስ አዘዘ። ልጄ ዛሬስ አልለካህም፣ አፍራለሁ ብላ ጓዳ ገባች። ሜትሩን እኔ አነሳሁ።

«ልብሱ ለምንድን ነው?»

«ለሠርግ።»

«የማን ሠርግ?» አልኩት። አሁን ሳልጠይቅ አልጽፍም።

«የኔ፣ እማዬ።»

ትከሻውን ለካሁ፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ቀኝ እጅጌውን። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

«ግራውንስ?» አለኝ።

«እሱን እሷ ታውቀዋለች» አልኩት።