በመንጋው ውስጥ የተደበቁ ፊደላት

«ይቺስ ማናት?» ዓለምፀሐይ ጣቷን ከፊደል ገበታው ላይ አላነሳችም።

የስድስት ዓመት ወንድሟ አብርሽ ገበታውን ትቶ ዝንብ ያያል። «በ» አለ።

«ሰ ናት አልኩህ እኮ።»

ጨነቃት። በማግሥቱ መምህርት አመተሥላሴ የዜሮ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ ፊደል ያልለየ አንደኛ ክፍል አይገባም። አባቷ ደግሞ «ይሄ ልጅ ፈዛዛ ነው፤ ከደገመ ቤት ይቀመጥና በግ ይጠብቅ» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። እሱ ደግሞ ያለውን አያጥፍም። የራሷን የስምንተኛ ክፍል ጥናት ጥላ ብታስጠናውም ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

ማታ በጎቹ ሲገቡ የጎረቤት መንጋ ተቀላቅሎባቸው መጣ። አብርሽ ከአጥሩ ሥር ቆሞ፣ «ያቺ የእኛ አይደለችም፤ ጆሮዋ የተቆረጠው ጫፉ ላይ ነው፣ የእኛ ከጎኑ ነው» አለ። የመንዝ በግ ፀጉራም ነውና ምልክቱ በቀላሉ አይታይም። አባቱ ራሱ ያመነው ጆሮዋን ዳብሶ ነው።

ዓለምፀሐይ ልጁን አፍጥጣ አየችው። ይሄ ዓይን ነው እንግዲህ ፈዛዛ የተባለው።

የካርቶን ክዳን ቀደደችና መንጋ ሣለችበት። በየበጉ ፀጉር መሃል አንድ አንድ ፊደል ሸሸገች። «ሰ ጠፍታብናለች፤ ፈልግ።»

አብርሽ ካርቶኑ ላይ ተደፋ። «ይቺ... አይ፣ ይቺ አናቷ ጠፍጣፋ ነው፣ በ ናት። ሰ አናቷ ሹል ነው። ይቻት!» እራት እስኪቀርብ ድረስ «ሌላ ደብቂ» እያለ አላስቆም አላስቀምጥ አላት።

ጠዋት መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሰን ነኩ። «ማናት?»

አብርሽ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ በሩ ላይ ወደቆመችው እህቱ ዞረ። መምህርቷ አያዩአትም፤ ከንፈሯን ብታንቀሳቅስለት ይበቃ ነበር።

አላንቀሳቀሰችም። «ቲቸር፣» አለች፣ «ሰን ፈልግ ይበሉት።»

መምህርቷን ግር አላቸው። «እሺ፤ ሰ የታለች?»

ልጁ ቀና አለ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አማትሮ ጣቱን ቀሰረ። በንም አገኘ፤ መንም አገኘ፤ ከዚያማ ስማቸውን ሳይጠየቅ ይጠራ ጀመር። ጭራሽ «ሌላ የጠፋ የለም?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አንደኛ ክፍል ይግባ» አሉ መምህርቷ። ዓለምፀሐይ እፎይ አለች።

የእሷ ክፍል ደወል ተደወለ። ልትሄድ ስትል ተራ የሚጠብቀውን የአብርሽን የክፍል ጓደኛ ታሪኩን አየችው፤ ወለሉ ላይ አፍጥጦ የሸሚዙን ጫፍ ያኝካል። ተመልሳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«እናንተ ቤት ምን አላችሁ? በግ?»

«ዶሮ» አለ በሹክሹክታ።

ዓለምፀሐይ ከወለሉ ጠመኔ አነሳችና ዶሮ መሣል ጀመረች።