ባዶው ድንጋይ የበላው ሥጋ

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ቢገኝ የአማኑስ ተራራ ዝግባ በራሱ ላይ ይውደቅበት። እንኳን ልዋሽ፣ እውነቱንም የምናገረው ቀንሼ ነው።

በሰምአል፣ ከከተማው ቅጥር በታች፣ የወይን መከር የተጀመረ ዕለት ነው። ረጋጮቹ እየዘፈኑ መጥተው መሬት ውስጥ የተቀበረውን ትልቁን ጋን ሲከፍቱ የወይኑ ባለቤት ፒሃሙዋ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አገኙት። የራስ ቅሉ ከኋላው ተሰንጥቋል። ያ ሁሉ ዘፋኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። ምክንያቱም ፒሃሙዋ የንጉሡን ፈረሶች ለማስረከብ ወደ ካርከሚሽ ከተማ ከሄደ ሰንብቷል፤ ቤተሰቡም አገሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

አናዊ ተጠራች። አናዊ ሙት የተቆጣበትን ቤት የምታነጻ፣ ሕያው የደበቀውንም የምታወጣ አሮጊት ናት፤ እሷን ብትጠይቋት ሁለቱም አንድ ሥራ ነው ትላለች። እያነከሰች ወረደች፣ ሬሳውን ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ አፉን ከፈተችና አየች። መልሳ ዘጋችለት።

«እሜቴ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቃጠላል» አላት የከተማው በር ሹም። «የገዳዩ ስም ለእሳቱ ካልተነገረ ነፍሱ ምስሉ የተቀረጸበት ድንጋይ ውስጥ አትገባም። ሜዳ ላይ መቅረቷ ነው።»

«እንግዲያው ስሙን እንናገራለን።»

«ባይገኝስ?»

«አይ፣ አንተ ያዘጋጀኸው ስም ሳይኖር አይቀርም።»

ሹሙ ጺሙን አሻሸ። «ሚስቱ ኩፓፒያ አለች። የኩሙህ ሰው ናት። የመንገዱን ጽዋ የቀዳችለትም እሷ ናት። ወንዝ ውስጥ ትጣልና ወንዙ ይፍረድባት።»

«ጽዋ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የራስ ቅል የሚሰነጥቀው?»

«ባዕድ ናት፣ እሜቴ። የሚያለቅስላት የለም» አለ ሹሙ፤ ማስረጃ ያቀረበ ይመስል።

ኩፓፒያን ከግቢው ምሰሶ ጋር አስረዋታል። ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ አብጧል፣ ምላሷ ግን አልታሰረም።

«ገድዬው ቢሆን የራሳችን ጋን ውስጥ እከተዋለሁ? ወይኑንኮ የምጠጣው እኔ ነኝ» አለች።

«ባልሽ ምን ይወድ ነበር፣ ልጄ?»

«ለውዝ። ‹ከነቅርፊቱ በጥርሴ ነው የምሰብረው፣ ጥርሴ የበሬ ነው› ይለኝ ነበር።»

«ሲሰብር አይተሻል?»

«የት አይቼ? ከወንዶቹ ጋር ነው የሚበላው። በሙሽራ ፊት ማኘክ ነውር ነው ይላል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሜቴ፣ ከሄደ ማግስት ጀምሮ ግን ከድንጋዩ ክፍል የሚያኝክ ነገር ይሰማል። ገረዶቹ ጥለውኝ ሸሹ። ባዶ ድንጋይ ያኝካል?»

አናዊ ወደ ድንጋዩ ክፍል ብቻዋን ገባች።

ፒሃሙዋ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ድንጋዩን በቁሙ አስቀርጿል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጽዋ ይዞ፣ ፊቱ እንጀራ የሞላበት ገበታ ቀርቦለት። ከእግሩ ሥር ለነፍሱ ምግብ የሚቀመጥበት ሳህን ተፈልፍሏል። ባለቤቱ እስኪሞት ድረስ ግን ድንጋይ ባዶ ቤት ነው። ባዶ ድንጋይ ማብላት ሞትን በስሙ እንደ መጥራት ስለሆነ ሕፃን እንኳ ለጨዋታ አይደፍረውም።

ሳህኑ ዘንድ የጉንዳን ሰልፍ ነበር።

አናዊ በጣቷ ነካች፣ አሸተተች፣ ቀመሰችም። የበግ ጮማ ነው፤ ደርቆ ተጋግሯል፣ የዛሬ አይደለም። ሥጋው እንደ ዱቄት ደቋል። ጉንዳኖቹ ግን ሳህኑ ላይ አላበቁም፤ ድንጋዩን ዞረው ወደ ጀርባው ያልፋሉ። ተከተለቻቸው። እዚያ መሬት ላይ ሥጋ የቀረበት የጎድን አጥንት ተቀምጧል፤ በላዩም፣ በድንጋዩ ጀርባ፣ ሌላ ሰው ተቀርጿል። እጅና እግር አለው። ፊቱ ግን በመሮ ተፍቆ አልቋል።

አሮጊቷ ስንት ቤት አንጽታለች፤ ያን ጊዜ ግን ጀርባዋን ለዚያ ፊት ላጣ ሰው መስጠት ፈርታ የኋሊት እየሄደች ወጣች።

ድንጋዩን የቀረጸው ጠራቢ ኩዋሊ ውጭ ቆሞ ነበር።

«ና እስቲ አንተ ድንጋይ አራጅ። ይህ ድንጋይ አዲስ ነው ብለህ ነው ያስከፈልከው?»

«ቀረጻው አዲስ ነው፣ እሜቴ።»

«ጀርባውስ?»

ኩዋሊ መሬት መሬት አየ። «አባቱ ናቸው። ፊታቸውን ፋቀውና ገልብጠህ እኔን ቅረጽ አለኝ። ለማንም አልተናገርንም። ድንጋዩኮ እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አይደለም፤ የጥንቱ መንግሥት መዲና ሐቱሳ ስትቃጠል ቅድመ አያታቸው በበሬ ጋሪ ያወጡት ነው። ያ ታላቅ መንግሥት ሲፈርስ ድንጋይ የያዘ ሁሉ ንጉሥ ነኝ ብሎ ወጣ። በየወንዙ ማዶ አንድ ንጉሥ ያለው ለምን ይመስልዎታል?»

«ወሬውን ተወውና፣ መቼ ፋቅኸው?»

«በጸደይ።»

«ፒሃሙዋን አፉን ዘግተህ የቀረጽከው ለምንድን ነው?»

«እሱ ነው ዝጋው ያለኝ እንጂ እኔስ ሲስቅ ላደርገው ነበር። የፈረስ ጥርስ ነበረው እኮ!»

አናዊ የሟቹን ታናሽ ወንድም ሳርማን የሬሳ ማቃጠያውን እንጨት ሲደረድር አገኘችው። ለስላሳ ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ፈረሶቹን ማን ወሰዳቸው?»

«አሽከሮቹ፣ እሜቴ። ወንድሜ እከተላችኋለሁ ብሏቸው ቀድመው ሄዱ።»

«ዓይንህ ቀልቷል።»

«ከጸደይ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።»

«ያቺ የታሰረችው ልጅ ገድላዋለች ትላለህ?»

ሳርማ አንድ እንጨት አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ሰዎቹ እንደዚያ ይላሉ» አለ።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ አናዊ ሁሉንም ድንጋዩ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ኩፓፒያ ገመዷ ተፈቶ፣ ኩዋሊ፣ ሳርማ፣ ሹሙም በሩ ላይ። የተቀቀለ የበግ ታፋና ጎድን ከነቢላዋው አስቀረበች።

በዚያች ቅጽበት ከጥግ የማኘክ ድምፅ ተሰማ። ሹሙ የኩዋሊን ትከሻ ጨበጠ። አናዊ ጥጉ ላይ የተነጠፈውን ሰሌን ገለጥ ስታደርገው አንዲት አይጥ ፍርፋሪዋን ትታ በእግሮቻቸው መካከል ሾለከች።

«ገረዶቻችሁን ያባረረች ጀግና ይህችውና» አለች። ሁሉም ሳቁ። ከሳርማ በቀር።

«አሁን ደግሞ ነፍሱ ሳትቀየም እናብላት። ተራ በተራ።»

ኩፓፒያ አንድ ሙዳ ሥጋ ከነጅማቱ አኖረች። ኩዋሊ ከእሷ የባሰ ሙዳ ጣለ። ሳርማ ጎንበስ አለ፣ ቢላዋውን አነሣ፣ ሥጋውን ከጅማቱ ለይቶ ይከትፈው ጀመር። ከተፈ፣ ደግሞ ከተፈ፤ ዱቄት እስኪመስል። በጣቶቹ ወደ ሳህኑ ጨመረው። ከዚያም፣ እጁ ከልቡ ቀድሞት፣ አንድ የጎድን አጥንት አንሥቶ ወደ ድንጋዩ ጀርባ ዞረ።

እዚያው ቆመ።

«ለማን ነው፣ ልጄ?» አለች አናዊ።

ሳርማ አጥንቱን ደረቱ ላይ ያዘ።

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ። አንድ ሰው ይህን ድንጋይ አብልቷል፤ ጮማው ደርቋል። ሞቱን ግን ሁላችን የሰማነው ዛሬ ጠዋት ነው። ሕያው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ባዶ ድንጋይ አያበላም። ያበላው መሞቱን ያወቀ ነው፤ መሞቱን ያወቀውም የገደለው ነው።»

«ሚስቱስ ብትሆን?» አለ ሹሙ።

«ሥጋው ማኘክ ለማይችል ሰው ደቋል። የፒሃሙዋን አፍ ከፍቼ አይቻለሁ፤ የመንጋጋ ጥርስ አንድም የለውም። ይህንንም ከሚስቱ ደብቋል፤ እሷ እስከ ዛሬ ለውዝ ይሰብራል ብላ ታምናለች። ጠራቢውም የፈረስ ጥርስ ይለዋል። ከጀርባ ደግሞ አጥንት ተቀምጧል፤ አባትየው ከነሙሉ ጥርሳቸው ነው የሞቱት። እዚያ መኖራቸውን ኩዋሊ ያውቃል፤ የልጃቸውን ድድ ግን አያውቅም። ሁለቱን የሚያውቅ እጅ አንድ ነው። አሁን ሁላችሁም ያያችሁት እጅ።»

«ጥርሱን የነቀልኩለት እኔ ነኝ» አለ ሳርማ። «እንደ ሕፃን እያለቀሰ።» ድንጋዩ ሥር ቁጭ አለ። «አባቴ በየቀኑ ይመጣሉ። ማታ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ በቀትርም ይመጣሉ። ፊት የላቸውም። ምን ሆኑ እንዳልላቸው አፍ የላቸውም። ድንጋያቸውን መልስላቸው ብዬ ለመንኩት። ሙት አይከራይም፣ ቤት አያስፈልገውም ብሎ ሳቀ። መታሁት። ከዚያ... ራበው ብዬ ተጨነቅሁ።»

«ለሙታኑ ተጨነቅህ። ይህችን ልጅ ግን ለወንዝ ልትሰጣት ነበር።»

ሳርማ ኩፓፒያን ቀና ብሎ አያት። «አዎ» አለ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስሙ ለእሳቱ ተነገረ። ወንዙም ኩፓፒያን ሳይሆን ሳርማን ወሰደ። ድንጋይ አልቆመለትም፤ እሱም አልለመነም። የለመነው የአባቱ ፊት ተመልሶ እንዲቀረጽ ብቻ ነው። ኩዋሊ ሞከረ፤ ፊቱ ግን ሳርማን መሰለ።

ኩፓፒያ ወደ ኩሙህ አልተመለሰችም። በየመከሩ ድንጋዩ ዘንድ ተቀምጣ ሥጋውን ትከትፋለች። «አንተ ውሸታም፣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ትለዋለች፣ እየሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ አጥንቱን ይዛ ወደ ጀርባው ትዞራለች።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። በማልሁበት ዝግባ እንዳልመታ አንዲት ነገር ልናዘዝና ልሂድ፤ ልጆች ይሰሙ ስለነበር ነው የጨመርኳት። ሰሌኑ ሲገለጥ ሥሩ አይጥ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም።