አራት መቶ ቀን ያለ አደጋ

የሟቿ ነርስ ዓይኖች ቢጫ ሆነዋል። በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ጉበቷን በሦስት ሳምንት ውስጥ ጨርሶታል። መርማሪዋ የሟቿን እጆች አንሥታ አየች። የሰዓት ማሰሪያ ምልክት በቀኝ አንጓዋ ላይ ነጣ ብሎ ቀርቷል።

«ታመመች፣ ሞተች» አለች የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ። «እኛም ሥራ ገባን።»

«እህቷ ግን ከሦስት ወር በፊት እዚህ መርፌ ወግቷታል ትላለች።»

ሜትሮኗ ፋይል ከፍታ የዚያን ጊዜ የተሞላ አንድ ቅጽ አወጣች። «ቤቴ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላ ግራ ጣቴን ቆረጠኝ» ይላል፤ በሟቿ ስም ተፈርሞበታል።

ሟቿ ትሠራበት በነበረው ዋርድ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። መርፌዎች ባፉ አልፈው ወጥተዋል። ሕጉ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ ይላል።

«ለምን አልተቀየረም?» አለችው መርማሪዋ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ።

«ጢም ብሎ ሳይሞላ አዲስ እንዳትሰጥ ተብያለሁ፣ እሜቴ። እዚህ ቤት ሳጥን ቶሎ የሚደርሰው ለሬሳ ነው።»

ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ነርስ ሻይ ትጠጣለች፤ አንድ እጇ ላይ ብቻ ጓንት አለ። መርማሪዋ አየቻት።

ከቀትር በኋላ ሁሉም፣ ወጣቷ ነርስም ጭምር፣ በሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ተሰበሰቡ። ከበሩ በላይ «400 ቀን ያለ አደጋ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።

«ሟቿ ግራኝ ነበረች» አለች መርማሪዋ። «ሰዓቷን በቀኝ ታስራለች። ግራኝ ሽንኩርት ሲከትፍ ቢላውን በግራ ይዞ ሽንኩርቱን በቀኝ ይይዛል። ቢላ ቢስታት የሚቆረጠው ቀኝ ጣቷ ነው። በግራዋ ግን መርፌ ትጥላለች፤ የሞላ ሳጥን የሚወጋውም የሚጥለውን እጅ ነው። ቅጹን የጻፈው ግራኝ መሆኗን የማያውቅ ሰው ነው።»

ወደ ሜትሮኗ ዞረች። «አንቺ መርፌ አያያዝ ያስተማርሻት ነሽ።» ወደ ንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ዞረች። «አንተም በየጠዋቱ ዕቃ ስታስፈርማት ታያለህ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ አለ። «እኔስ? ስንቱን ነርስ ልወቅ?»

«እሱን ነው የምልህ፣ ጌታዬ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዋርድ ገብተህ እሷ ስትሠራ አላየሃትም። እውነተኛውን ሪፖርት ቀድደህ፣ ሊያድናት የሚችለውን መከላከያ መድኃኒት አስቀርተህባት ሰሌዳህን አዳንክ።»

«እኔ ነኝ ሪፖርቱን ያመጣሁለት» አለች ሜትሮኗ ወለሉን እያየች። «ተቀይሮ ሲመለስ አየሁ። ፋይል ውስጥ ከተትኩት።»

እሱ ሰሌዳውን እንጂ ማንንም አላየም።

ወጣቷ ነርስ ጓንቷን አወለቀች። አውራ ጣቷ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። «ትናንት ጠዋት» አለች። «ከዚያው ሳጥን። ከተናገርኩ ወደ ሩቅ ጣቢያ ያዛውሩኛል ብዬ ደበቅኩት።»

«ይደርሳል» አለች መርማሪዋ። «መከላከያውን አሁን ከጀመረች ይደርሳል።»

ሜትሮኗ ደሟን ቀድታ ለምርመራ ላከች፤ መድኃኒቱንም አምጥታ ወጋቻት። ከዚያ አዲስ ቅጽ ዘርግታ ብዕር አነሣች።

«የምትሠሪው በየትኛው እጅሽ ነው፣ ልጄ?»

«በቀኝ።»

ጻፈች።