የበዓሉ ሙክት የበላው ጎመን

ቀለሟ የበጉን ቀንዶች በሁለት እጇ ይዛ ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ተከለች። በጉ ግን የሚጎትተውን ሰው ከምንም አልቆጠረውም፤ የጎመኑን ቅጠል እያላመጠ ወደ ቀጣዩ ራስ ለመሄድ ይታገላል። አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል። ጥብጣቡን ስታይ የማን በግ እንደሆነ አወቀች፤ አውቃም ይበልጥ ጨበጠችው።

«ጤቤ! ገመድ! የእንጨት መሸከሚያውን ገመድ አምጪልኝ!»

ጤቤ የጎረቤት ልጅና የክፍል ጓደኛዋ ናት። በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ያ ዋቅ! የፈጣሪ ያለህ! ይሄ እኮ የበዓሉ ሙክት ነው!»

«አውቄዋለሁ። ገመድ ነው ያልኩሽ።»

በዚያ ክረምት ጎባ ውስጥ፣ ቢያንስ በእነሱ ቀበሌ፣ ያንን ሙክት የማያውቅ አልነበረም። መስከረም ሁለት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች እንዲታረድ በሕዝብ መዋጮ የተገዛ ነው። የቀበሌው ጠባቂዎች ሊቀልቡት ታዘው ነበር፤ እነሱ ግን ቀለቡን ለሰፈሩ ተዉለት። ጠዋት ከቀበሌው ግቢ ይወጣል፤ የፈለገው ጓሮ ገብቶ የፈለገውን በልቶ፣ ማታ ሆዱን ነፍቶ ይመለሳል። ዱላ የሚያነሳበት የለም። ሰዉ በሹክሹክታ «ጓድ ሙክት» ይለዋል። ቀለሟም ከሰዉ ጋር ስትስቅ ከርማለች፤ እሷ ጋ እስኪደርስ ድረስ።

ጓሮው የአባቷ የቱፋ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ መሬቱ ጦሙን አድሮ ሳማ ወርሶት ከረመ። ሰኔ ላይ በቀበሌው ስብሰባ አንድ ወረቀት ተነበበ፦ ጦሙን ያደረ ጓሮ ሁሉ እየተወሰደ የቀበሌው መጋዘን ይሠራበታል፤ አጣሪ ኮሚቴ ጳጉሜን ሦስት መጥቶ ያያል። በዝርዝሩ ውስጥ የእነሱም ስም ነበረበት። እናቷ ሠርከአዲስ ቤት ገብታ አለቀሰች። ቀለሟ አካፋ አነሳች።

ቀላል አልነበረም። ሳማው እጇን ለበለባት። ፍጉን በጆንያ ተሸክማ አመጣች። ድንቹን ፍልፈል ከሥር ጨረሰባት፤ ጠዋት ለምለም የነበረው ማታ በጣቷ ስትነካው ሥር አልባ ሆኖ ይነቀላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ በረዶ ወርዶ ሰላጣውን ከመሬት ጋር አጣበቀው። ድንቹን ለፍልፈል፣ ሰላጣውን ለበረዶ ተወችና ጥቅል ጎመኗን ሙጥኝ አለች። ጎመኑም አላሳፈራትም። ቅጠሉ መሃል ላይ እንደ ሕፃን ጡጫ መቋጠር የጀመረ ቀን ጤቤን ጠርታ አሳየቻት፤ ሁለቱም ጭቃው ላይ ዘለሉ። ሃያ አራት ራስ። ሁልጊዜ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ወጥታ ትቆጥራቸው ነበር።

ዛሬ ጳጉሜን አንድ ነው። ቀለሟ በጠዋት ወፍጮ ቤት ሄዳ ስትመለስ ከሃያ አራቱ ሦስት ብቻ ቆመው አገኘች። ሌላው ጉቶና ጭቃ ሆኗል።

ጤቤ ገመዱን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። ሁለቱ ተጋግዘው በጉን ጓሮው ዳር ካለው ጥድ ግንድ ጋር አሰሩት። ቀለሟ ያን ጊዜ አካፋዋን አየች፤ በእጀታው ልትለው ነበር። እጇ ተነስቶ ቀረ። አባቷ ደጋግሞ የሚላት ነገር ትዝ አላት፦ «ሽማግሌ ሳያይ ከብት የመታ ካሳ የለውም። እሰሪው፣ ውኃ ስጪው፣ ሽማግሌ ጥሪ። ሽማግሌው እስኪገምት ድረስ ባለቤቱም ቢሆን ገመዱን አይፈታም።»

«አንተ የማትረባ!» አለችው በጉን፤ በንዴት እንባዋ እየወረደ። ከዚያም በጣሳ ውኃ ቀድታ አፉ ሥር አስቀመጠችለት። «ጤቤ፣ ሮጠሽ ሽማግሌውን ኦቦ ጉርሜሳን ጥሪልኝ።»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ቢመጣስ?»

«ይምጣ!»

ጤቤ ስትወጣ ሠርከአዲስ ገባች። የተረገጠውን መደብ አየች፤ በጉን አየች፤ ቀይ ጥብጣቡን ስታይ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ፍቺው! አሁኑኑ ፍቺው! ልታስፈጂን ነው?»

«አልፈታም እማዬ።»

«ጎመኑ አንዴ ተበልቷል፤ ነገር ምን ያደርግልናል?»

«ከነገ ወዲያ ኮሚቴው ሲመጣ ምን እናሳየዋለን? ጉቶ?»

ሠርከአዲስ ወደ ጥዱ ሄደች። ገመዱን ልትፈታ እጇን ዘረጋች፤ ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ግን እጇን ሰበሰበች። እሷም የቱፋ ሚስት ነበረች፤ ሕጉን ታውቀዋለች።

ኦቦ ጉርሜሳ ከዘራቸውን እየተደገፉ ገብተው ድንጋይ ላይ ሳይቀመጡ ወሬው ቀበሌ ደርሶ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ደጀኔ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጠመንጃ የያዘውን ጠባቂ ባዳሳን አስከትሎ መጣ። ደጀኔ ከሌላ አገር መጥቶ ጎባ ውስጥ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ነው። የቀበሌውን ማኅተም ለማንም ስለማያምን በካፖርቱ ኪስ ይዞት ይዞራል። ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ» አለች ቀለሟ። ፈርታ ወደ ጥዱ ግንድ ተጠጋች።

«ይህ በግ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እኛም አዋጥተናል።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ደጀኔ ዞር ብሎ አየ፤ የሳቀ ሰው አላገኘም።

«እና ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ጎመኔን በላው።»

«የምን ጎመን?» ደጀኔ በጫማው ጫፍ ጭቃውን ቆፈር ቆፈር አደረገ። «እኔ የሚታየኝ ጭቃ ነው። ኮሚቴውም የሚያየው ይህንኑ ነው። ባዳሳ፣ ፍታው!»

ቀለሟ ያን ጊዜ ገባት። እሷ ስለ በጉ ስታስብ ሰውዬው ስለ መሬቱ ያስባል። ፍርሃቷ የት እንደሄደ አላወቀችም፤ ፊቷ በንዴት ጋለ።

ባዳሳ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር። ሽማግሌ ሳይገምት ግን አልፈታም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ጠመንጃውን መልስ ካሉኝ እመልሳለሁ። የታሰረ ከብት መፍታቱ ግን ይቅርብኝ። እናቴ ከሰማች ደጇን አታስረግጠኝም።»

ደጀኔ ጥርሱን ነክሶ ራሱ ገመዱን ያዘ። አጥሩ ላይ የነበሩት ይበልጥ ተጠጉ። ኦቦ ጉርሜሳ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ እንዲህ አሉ፦

«ይፍቱት፤ የሚከለክልዎ የለም። ብቻ ይህን ይወቁ። ያለ ግምት የፈታ ሰው ከብቱ ቢጠፋ በዚህ አገር ማንም አየሁ አይለውም። ይህ በግ ደግሞ መዞር ይወዳል። በዓሉ ሳምንት አልቀረውም።»

ደጀኔ አጥሩን የተደገፉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። ጓሯቸው ያልተበላ ከመካከላቸው አልነበረም። ገመዱን ለቀቀው።

«በሉ ይገመት! ቶሎ በሉ!»

ኦቦ ጉርሜሳ ቶሎ አላሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በየጉቶው ሥር እያጎነበሱ፣ የተነከሰውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ለአንዱ ጉቶ አንድ ጠጠር ባርኔጣው ውስጥ ጣሉ። ሲጨርሱ ጠጠሩን ድንጋዩ ላይ ዘርግተው ቆጠሩት።

«ሃያ አንድ ራስ። ንክሻው እርጥብ ነው፤ ዛሬ የተበላ ነው። በጉም አልተመታም፤ ውኃም ተሰጥቶታል። ካሳ ይገባታል።»

ደጀኔ ፈገግ አለ። መውጫ ያገኘ መሰለው። «ይሁን። ቀበሌው ደግ ነው። ነገ ከኅብረት ሱቅ አምስት ኪሎ ስኳር ይሰጣችኋል።»

ስኳር! ሰፈሩ ስኳር ካየ ሁለት ወር ሆኖታል። ሠርከአዲስ የልጇን ቀሚስ ከኋላ ሳብ አደረገች። «ተቀበይው» አለች በሹክሹክታ። ቀለሟም አማራት፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ምራቋን ዋጠች። ስኳሩ ግን መስቀል ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ስትከፍት የሚታያት የመጋዘን ግድግዳ ነው።

«ስኳሩ ይቅር» አለች።

«ምን?»

«ይጻፍልኝ።» ወደ ቤት ሮጣ ካለፈው ዓመት ደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለች፤ እስክሪብቶም ይዛ ተመለሰች። «ኦቦ ጉርሜሳ የቆጠሩት ይጻፍልኝ። ሌላ ካሳ አልፈልግም።»

ደጀኔ ትከሻውን ነቀነቀ። ወረቀት ከስኳር ይረክሳል። ወረቀቱን የባዳሳ ጀርባ ላይ አስደግፎ፣ ቀለሟ እየነገረችው መጻፍ ጀመረ።

«በወይዘሮ ሠርከአዲስ ጓሮ የለማ ሃያ አንድ ራስ ጥቅል ጎመን...»

«የለማ» የሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ፤ የለማ ጓሮ ጦሙን ያደረ ሊባል አይችልም። ደጀኔ ቀና ብሎ ልጅቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። ጆሮ ግንዱ ሥር ያለው ሥጋ ተንቀሳቀሰ።

«ብልጥ ነሽ» አለ።

«ቆፍሬ ነው ያበቀልኩት።»

በጉ ብቻ ያመሰኳል። ባዳሳ ጀርባውን እንዳጎነበሰ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጓድ፣ ወገቤ ደከመ» አለ። አጥሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። ደጀኔ የቀረውን በሁለት መስመር ጨረሰና ፈረመ፤ ወረቀቱን ለቀለሟ ወርውሮላት ሊሄድ ዞረ።

«ጓድ ሊቀመንበር!»

የተጣራችው ቀለሟ አልነበረችም። ሠርከአዲስ ነጠላዋን ከመሬት አንስታ፣ ጭቃውን አራግፋ፣ ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ቆማለች።

«ማኅተሙ ቀርቷል» አለች።

ማኅተሙ ተመታ።

ኦቦ ጉርሜሳ በእጃቸው ቋጠሮውን ፈቱ፤ ባዳሳም በጉን በቀይ ጥብጣቡ እየሳበ ወሰደው። ሰዉ ተበተነ። ጤቤ ቀለሟን አቅፋ ከመሬት ልታነሳት ሞከረችና ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ። ሽማግሌው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉቶውን እንዳትነቅይው። ያቆጠቁጣል» አሏት።

ቀለሟ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠቻት። ከዚያ በየጉቶው ሥር አፈር መለሰች፤ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነች። ስትጨርስ ገመዱ ጥዱ ሥር ወድቆ አየችው። አንስታ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገችለት።

«ወደ ቤት አስገቢው» አለች ሠርከአዲስ። «ሰው ያየዋል።»

ቀለሟ ወደ አጥሩ በር ሄደች። ገመዱን ጠቅልላ፣ ከመንገድ በደንብ በሚታየው ቋሚ ላይ ሰቀለችው።

«ይየው» አለች።