ምራቅ ያወጣው እንጨት

ውሸታም መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አልክድም። ይቺ ግን እውነት ናት... እህቴን ይንሳኝ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሙዚየሙ ጀርባ ያለችው የጥገና ክፍል።

ሙዚየሙ ስድስት ወጣቶች ሰብስቦ «ለልጆች የሚሆን ጨዋታ አብራችሁን ፍጠሩ» ብሎን ነበር። ተመርጦ ያለፈው የእኔ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡን የሰረቅኩት የሙዚየሙን ዕቃ ከምትጠግነው ከጠጋኟ ነው። እሷ አሮጌ ዕቃ የምታጸዳው በምራቅ ነው። ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ትጠቀልላለች፣ አፏ ውስጥ ታርሰዋለች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ታሻለች። እኔም ለቀልድ፣ ልጆቹም ይሞክሩት አልኩ። ኃላፊዎቹ ወደዱት።

ለመለማመጃ ከመጋዘን ከእንጨት የተቀረጸ የሰው ፊት አመጡልን። ከንፈሩ ግጥም ያለ፣ እድፍ የጠገበ።

ስምንት ተኩል ላይ ልጆቹ ይገባሉ። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት፣ ሚጢጢ። አምስት ዓመቷ ነው።

እስከዚያ የእንጨቱን ጉንጭ በምራቄ አሸት አሸት አደረግኩት።

የመጀመሪያው ጥጥ ጠቆረ።

ሁለተኛው ቡናማ።

ሦስተኛው... ሮዝ።

ጉንጩ ይሞቅ ነበር።

አራተኛውን ጥጥ፣ ለልጆቹም የተዘጋጁት ጥጦች ከቆሙበት ብርጭቆ አነሳሁ። ገና አፌ አላስገባሁትም።

ርሷል።

ሳነሳው ወፍራም የምራቅ ክር አብሮ ተለጠጠ... ክሩን በዓይኔ ተከተልኩት። የሚያልቀው እንጨቱ ከንፈር ላይ ነው። የበሰበሰ ጥርስ ይሸታል።

«እትዬ...» አልኳት በሩ ጋ የቆመችውን ጠጋኟን በሹክሹክታ፣ «እንጨቱ ምራቅ ያወጣል።»

ባለፈው ሳምንት ሙዚየሙ ለዕይታ ያስቀመጠው ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተደብቄ ዘበኛውን ያስጮህኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀልድ ብትደግም ትባረራለህ ተብያለሁ።

«ምራቁን የዋጠ ልጅ ስጡኝ ብል አንተን ሰጡኝ» አለችና በሩን ከፈተች።

ልጆቹ ተንጋግተው ገቡ። ሚጢጢ ቀድማ ከብርጭቆው አንድ ጥጥ አነሳች።

«ሚጢጢ፣ አፍሽ እንዳታስገቢው።»

ሳቀች። በእኔ ተረት አይደል ያደገችው።

ልነጥቃት ስል ጠጋኟ ክንዴን ያዘችኝ።

ሚጢጢ ጥጡን መጠጠችው... ዋጠች... መልሳ መጠጠችው።

«ወንድምዬ፣ ይሄኮ የራሰ ነው» አለች። «ይጣፍጣል።»

ፈገግ አለችልኝ። ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የላትም። ደም የለ፣ ቁስል የለ።

ጠዋት ጥርሷን ያስቦረሽኳት እኔ ነኝ። ሙሉ ነበር።

ወደ እንጨቱ ዞርኩ።

ግጥም ያለው ከንፈር ተላቅቋል። መሃሉ ላይ... አንዲት ነጭ የወተት ጥርስ፣ በምራቅ ርሳ ታበራለች።