ግድግዳ ጎሏን የረሳች ዕለት

«ጎሉን ማን አገባው?»

ድመት ልትስቅ ነበር። በቅልጥፍናዋ «ድመት» የሚሏት የቡድኑ በረኛ እሷ ናት፤ ጠያቂዋ ደግሞ ኳስም ሰውም ስለማያልፋት «ግድግዳ» የሚሏት ተከላካይ፣ የልብ ጓደኛዋ። ግድግዳ በማጣሪያ ጨዋታ እረፍት ላይም ቢሆን ከቀልድ አትመለስም። ድመት ግን የጓደኛዋን ፊት ስታይ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት።

«አንቺ ነሻ! በጭንቅላትሽ! ከተጋጣሚዎቻችን ከዚያች ረጅም ልጅ ጋር የተጋጨሽው ምን ስትሠሪ ነበር?»

«እ... አዎ። እኔ ነኝ» አለች ግድግዳ፣ የነገሯትን እንደምትደግም ሁሉ። የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። «አታካብጂ ደግሞ። ለኮች ትንፍሽ እንዳትዪ! ተቀያሪ አልቋል፤ እኔ ከወጣሁ በአሥር ሰው አለቀልን። ከነገርሽው ዓይንሽን ማየት አልፈልግም።»

አንድ ለዜሮ እየመሩ ነው። እስከ መጨረሻው ካስጠበቁት ክለባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀጠናው ውድድር ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያለሙት ይህንን ነው፤ ድመትም ጭምር።

ወደ ሜዳ ሲወጡ ኮች ድመትን የመልበሻ ክፍሉ በር ላይ አስቆማት። «ግድግዳ ፊቷ ገርጥቷል። ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ኮች።»

ይህን ስትል ፈራች፤ ካለች በኋላ ደግሞ ባሰባት።

በሁለተኛው አጋማሽ ዓይኗ ከጓደኛዋ አልነቀል አለ። ግድግዳ አንዴ ኳሱን ወደ ራሷ ጎል ልትመታ ምንም አልቀራት። አንዴ ደግሞ ከጎሉ ብረት ጎን ጎንበስ ብላ አስታወከች።

«ውሃ በዝቶብኝ ነው» አለች፣ አፏን በማሊያዋ እየጠረገች።

ድመት ቆጫት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በእረፍት ሰዓት ነበር፤ ያኔ ግን ደህና ናት አለች።

ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ተሰጠ። ያቺ ረጅም ልጅ እየሮጠች መጣች። ግድግዳም እንደ ልማዷ ተጠጋቻት፤ ኳሱን በጭንቅላቷ ልታወጣ። በዚያው በተመታው ጭንቅላቷ።

ድመት ኳሱ ገና ሳይመታ እግሯን ይዛ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

ይህ ኮች ያስተማራት ተንኮል ነው። ሲመሩ በረኛዋ እግሯን ይዛ ትቀመጣለች፤ በረኛ ተጎዳች ከተባለ ጨዋታው ይቆማል፣ ሰዓት ይሄዳል። ልምምድ ላይ እየተሳሳቁ ነበር ያጠኑት።

«ውሸቷን ነው! ትወና ነው!» ብለው ተጋጣሚዎቹ ጮኹ። ኮች ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳያት። ዳኛዋ ፊቷን አጨማድዳ መጣች።

«ተነሺ፣ ቢጫ ሳላወጣልሽ!»

ድመት ግድግዳን በጣቷ አሳየች። «እኔ ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት። ራሷ ያገባችውን ጎል አታስታውስም፤ አስታውካለች። እባክዎን ኮችን ይጥሩልኝ። ደህና ናት ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ።»

ኮች ሲጠራ ገና ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር። የሆነውን ሲሰማ ግን ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ግድግዳ ፊት ተንበርክኮ ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰና «በዓይንሽ ተከተይው» አላት። አቃታት። የክለቡን ነርስ በእጁ ጠራ፤ ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘዋት ወጡ።

ግድግዳ ስታልፍ ዞር አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «አንቺ ከሃዲ! ድራሽሽ ይጥፋ! ነገ ትምህርት ቤት አጠገቤ እንዳትቀመጪ!»

«እሺ» አለች ድመት፣ እሷም እያለቀሰች። «አልቀመጥም። ብቻ አንቺ ነገ ነይና አኩርፊኝ።»

ዳኛዋ የማዕዘን ምቱ እንዲመታ ፊሽካ ነፋች። አሥር ሆነው ቀርተዋል። ረጅሟን ልጅ የሚይዝ አልነበረም፤ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ እወጣላታለሁ» አለች ድመት፣ ከጎሏ መስመር ወደ ፊት እየተራመደች።