ሁለት ጣት ያጠረው ሰው

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከሰውየው ማጅራት እስከ ወገቡ ዘርግታ ቁጥሩን አየች። ደብተሯን ገለጠች። ከስምንት ወር በፊት ኮት ስትሰፋለት የጻፈችው ልክ በሁለት ጣት ይበልጣል።

«ወንድሜ... አጥረሃል እኮ!» አለችው ሳታስበው።

ሰውየው ገና የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። በመስታወቱ ውስጥ አያት። ዓይኑ ደስ ይል ነበር፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ኮቱን አንስቶ ውልቅ አለ።

አክስቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ በቁሙ የሚያልቅ ሰው ደግ ነገር አይደለም። ሁለተኛ በሩን እንዳትከፍችለት!»

እሷ ግን የልቧን ለማን ትንገር? በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ ሰውየው መስታወቱ ውስጥ ከኋላዋ የቆመ ይመስላታል። በየቀኑ ትንሽ አጠር ብሎ። ዞር ስትል ማንም የለም። ፈራችው። ደግሞ ናፈቃት።

በዓመቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ለኪኝ» አላት።

ለካችው። ያው ልክ ነው፤ ካለፈው ቅንጣት አልቀነሰም።

«አፍሬ ነው የሸሸሁሽ... የፕሮስቴት ካንሰር ይዞኛል። የሚያፋፋው የወንድ ሆርሞን ነው ብለው ሐኪሞቹ ሆርሞኔን በመድኃኒት አጠፉት። እሱ ሲጠፋ አጥንት ከውስጥ ይሳሳል። የጀርባዬ አጥንት ሳይታወቀኝ ተጨፍልቆ ነበር።»

«ታዲያ ማጠሩ እንዴት ቆመ?»

«ዓመቱን ሙሉ ክብደት ሳነሳ ከረምኩ፤ አሠልጣኝ ቆሞብኝ። ሐኪሜ ‹ስፖርቱ የሆርሞኑን ቦታ አይተካም፣ የሄደውንም አይመልስም፤ የቀረህን ግን ሊይዝልህ ይችላል› አለኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ልቤ ከመጀመሪያው ቀን አንቺ ጋ ቀርቷል። ግን ልጅ አትጠብቂ። አንድ ቀን ስታቅፊኝስ ብሰበር?»

«ማን ልጅ ጠየቀህ! የሞትክ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ!»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አክስት።

አልሰማቻቸውም። እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀች አቀፈችው።

«አጥብቂ» አላት።

አጠበቀች። አክስት እንኳ መኪናቸውን አቆሙ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ ድምፅ ጠበቁ... ቀጭ የሚል ድምፅ።

አልመጣም።

«አለሁ» አላት በጆሮዋ።

«ካለህ አግባኝ» አለችው፣ እየፈራች፣ ሳትለቀው።